ጁጁትሱ ካይሰን፦ የሞተባቸውን ሰው መልቀቅ ያቃታቸው ሰዎች ታሪክ

ጁጁትሱ ካይሰን ጠንቋዮች እርግማን ከሚባሉ ክፉ ፍጡራን ጋር የሚዋጉበት የጃፓን ማንጋ (የስዕል ታሪክ) ነው፣ ስለሱ ወሬ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ዞሮ ዞሮ ከጠንቋዮቹ ሁሉ ጠንካራው ጎጆ ሳቶሩና የእርግማኖች ንጉሥ የሚባለው ሱኩና ማን ይበልጣል የሚለው ላይ ነው የሚያርፈው። ማንጋው በፈረንጆቹ 2024 በ271ኛው ቻፕተር ካለቀ በኋላም ያው ነው፣ ስለ ፓወር፣ ማን ማንን እንደሚጥል ምናምን። ፋይቱን እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ደራሲው ጌጌ አኩታሚ ከ2018 ጀምሮ ስድስት አመት ተኩል ሲጽፍ የነበረው የሞተባቸውን ሰው መልቀቅ ስላቃታቸው ሰዎች ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ሚስጥሮቹም የሚፈቱት በዛ ነው። ያላነበባችሁ ካላችሁ ትልልቆቹን ሚስጥሮች ሁሉ ነው የማወራውና መጀመሪያ አንብባችሁ ኑ።

መጀመሪያውን ቻፕተር አስታውሱት። ዩጂ ኢታዶሪ ሰንዳይ የሚማር የሃይስኩል ልጅ ነው፣ ያሳደጉት አያቱ ናቸው። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው ሳልሞት ስለ እናትና አባትህ ልንገርህ ይሉታል፣ እሱ ደግሞ አልፈልግም ይላቸዋል። ከዛ ጠንካራ ነህና ሰው እርዳ፣ እንደኔ እንዳትሆን፣ ስትሞት ሰው ከቦህ ሙት ብለውት ያርፋሉ። በዛው ማታ ልጁ ጓደኞቹን ለማዳን የሱኩናን ጣት ይውጣል፣ ሱኩናም ሰውነቱ ውስጥ ይገባል፣ ከዛ በኋላ የሚያደርገው ነገር ሁሉ የሚነሳው ከአያቱ ቃል ነው። እኛ ብንሆን ኑዛዜ እንለዋለን፣ አደራ እንለዋለን፣ ማንጋው ግን እርግማን ይለዋል። እኛ ጋ እርግማን ክፉ ቃል ነው፣ ወላጅ አዝኖ ሲናገር ነው የሚደርስብህ፣ እዚህ ግን የሚወድህ ሰው በደግ ልቡ የነገረህም እድሜ ልክህን ሲከተልህ ይኖራል።

ዩጂን ያሰለጠነውን ጠንቋይ ናናሚን ደግሞ እዩት። ትልቁ ጦርነት በሚካሄድበት በቶኪዮው ሺቡያ ሰፈር ግማሽ አካሉ ተቃጥሎ እየተጎተተ የሚያስበው ስለ ማሌዥያ ነው፣ ኩዋንታን ባህር ዳር ላይ ቤት ሰርቶ ገዝቶ ያላነበባቸውን መጽሐፎች ቁጭ ብሎ ስለማንበብ። በእጁ ነክቶ ሰው የሚገድለው እርግማን ማሂቶ መጥቶ ደረቱ ላይ እጁን ያሳርፋል። ዩጂ ይደርሳል። ናናሚ በወጣትነቱ የሞተበትን ጓደኛውን ሃይባራን በአይነ ህሊናው ያየዋል፣ ሃይባራም በጣቱ ወደ ዩጂ ይጠቁመዋል፣ ናናሚ ይሄን ብናገር እኮ ልጁ ላይ እርግማን ይሆንበታል ብሎ ያስባል፣ እያወቀ ግን ከዚህ በኋላ ላንተ ትቼዋለሁ ይለዋል። ጥቂት ገጾች ናቸው፣ ግን ማንም በጡጫ ያላደረሰውን ጉዳት ዩጂ ላይ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው።

ሚስጥር የሚባለውም ከዚሁ ነው የሚፈልቀው። ዋናው ታሪክ ከመጀመሩ በፊት በ2017 በመጽሔት በወጣውና በኋላ ዜሮ ቅጽ በሆነው ታሪክ ላይ የሪካ መንፈስ የልጅነት ጓደኛዋን ዩታን ለምን እንደማትለቀው ነበር ጥያቄው፣ መልሱ ደግሞ ረጋሚው ራሱ ዩታ መሆኑ ነው፣ ልጅ ሆኖ መኪና ስትገጫት አይኑ እያየ አትሙቺብኝ ብሎ አስቀራት።

ጌቶ ላይ ስንመጣ ደግሞ ሁሌም ይገርመኛል። ጎጆ የወጣትነት ጓደኛውን፣ በኋላ ጠላት የሆነውን ጠንቋይ ጌቶን በዜሮ ቅጽ ላይ በገዛ እጁ ገድሎታል፣ ከዛ ግን ዋናው ታሪክ ላይ ጌቶ ብቅ ይላል፣ ግንባሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር የስፌት ጠባሳ አለ። ስሙም መልኩም ያው ነው፣ አንባቢ አይቶ ያልፈዋል፣ ወደ ሰማኒያ ቻፕተር ሙሉ ያ ስፌት እዛው ፊታችን ላይ ነው ያለው። ሺቡያ ላይ ጎጆ አይኑ ጌቶ ነው እያለው ነፍሱ አይደለም ትለዋለች፣ አንተ ማነህ ይላል፣ ሰውዬው ስፌቱን ፈቶ ጭንቅላቱን ይከፍተዋል። ኬንጃኩ ነው፣ ሬሳ እየቀያየረ የሚኖር። ሬሳውን እንዴት አገኘው? ጎጆ ሬሳውን እንድታስወግደው ለሐኪሟ ለሾኮ አልሰጣትም ነበር፣ ጓደኛው ነዋ፣ አልጨከነም። አለም ላይ ማንም የማይችለው ጎጆ ሺቡያ ላይ ተይዞ የታሰረው በዚህች ሀዘን ነው። እንዲህ አይነት መልስ ሲመጣ ወደኋላ ተመልሰህ ሁሉንም እንደገና ታነባለህ።

ለዚህም ነው የዩጂ እናት ነገር እስካሁን የሚቆጨኝ። 143ኛው ቻፕተር ላይ የዩጂ አባት ህጻኑን ይዞ ይታያል፣ አያትየው ልጃቸውን ከዛች ሴት ተው ይሉታል፣ ሚስቱ ካኦሪ ሞታለች እኮ፣ ከኋላው የቆመችው ሴት ግንባሯ ላይ ግን ያው ስፌት አለ፣ ኬንጃኩ የካኦሪን ሬሳ ለብሶ ነው ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ሚስቱን መልቀቅ ያቃተው አባት፣ ከዛ የተወለደው ልጅ፣ በመጀመሪያው ቻፕተር ልንገርህ ሲባል አልፈልግም ያለው ልጅ። ሁሉም ክር አኩታሚ እጁ ላይ ነበር። ከዛ በኋላ ግን ዩጂ ከኬንጃኩ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ስለ እናቱ የተነጋገረበት ገጽ የለም፣ ዩጂ በሌለበት ዩታ አንገቱን ቆርጦት አለቀ። በየሳምንቱ ወደ ሀያ የሚጠጋ ገጽ መሳል ሰውን ይጨርሳል፣ አኩታሚ በ2021 በጤና ምክንያት እስከማቋረጥ ደርሷል፣ ይሄን እረዳለሁ፣ ግን ከብዙዎቹ የመጨረሻ ፋይቶች ሁለት ቻፕተር ተቀንሶ ለዚህ ቢሰጥ በደስታ እቀበል ነበር።

ለአያትየው ቃል ግን መልስ ሰጥቶታል። 265ኛው ቻፕተር ላይ ዩጂ ሱኩናን በዶሜይኑ (በአስማቱ በፈጠረው የራሱ አለም) ውስጥ ያደገበትን ሰፈር እያዞረ ያሳየዋል፣ ስለ ልጅነቱ ያወራለታል፣ ድሮ ሰው ትክክለኛ አሟሟት ያስፈልገዋል ብዬ ነበር የማስበው፣ አሁን ግን አልጋ ላይ ታሞ ምንም ሳይሰራ የቀረ ሰውም ቢሆን ትዝታው የሆነ ቦታ እስካለ ድረስ ህይወቱ ዋጋ አለው ይለዋል። ከዛ አብረው የሄዱበትን መንገድ አሳይቶ ሲጨርስ ያን ሁሉ ሰው ለገደለው ሱኩና ምህረት ያቀርብለታል። ሱኩና እምቢ አለ።