ሳትጨርሱት ንገሩን

«ምን እያነበብክ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው አሁን በእጁ ያለውን መጽሐፍ አይናገርም። ድሮ ጨርሶ የወደደውን ይጠራል። ወይም ስሙን ቢጠራው የሚያኮራውን ይመርጣል። ገና ሩቡ ላይ የቆመው፣ ጥሩ ይሁን መጥፎ ያልለየለት መጽሐፍ ሳይነሳ ይቀራል። እኔ ደግሞ መስማት የምፈልገው ስለ እሱ ነው።

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ በዚህ ጉዳይ ተከራከረኝ። «ሳይጨርሱ ስለ መጽሐፍ ማውራት ደራሲውን መናቅ ነው። መጀመሪያ ጨርስ፣ ከዚያ ተናገር» አለኝ። አባባሉ መሠረት አለው። ለመፍረድ ከሆነ መጨረስ ግድ ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ ያለፈውን ሁሉ የሚገለብጥበት መጽሐፍ አለ። ግን እያነበቡ መናገር መፍረድ አይደለም። ያሉበትን ቦታ መናገር ነው። ብዙ ሰው ዝም የሚለው ሁለቱ ስለሚምታቱበት ይመስለኛል።

ጨርሰን ስንናገር ምን እንደምናደርግ ልብ በሉ። የሰለቸንን ገጽ እንረሳዋለን። «ይሄ ሰውዬ ምን እያለ ነው?» ብለን መጽሐፉን ዘግተን የተኛንበትን ማታ እንረሳዋለን። መጨረሻው ሁሉንም ያስታርቀዋል። ከዚያ «በጣም አሪፍ ነው፣ አንብቡት» እንላለን። ሰሚው ከዚህ የሚይዘው ነገር የለም። መሃል ላይ ያለ አንባቢ ግን ጥርጣሬውም፣ ንዴቱም፣ ደስታውም ትኩስ ነው። የሚናገረውም ስለ መጽሐፉ ብቻ አይሆንም። እያነበበ ምን እየሆነ እንዳለ ጭምር ይነግራችኋል።

ከራሴ ልጀምር። በዚህ ሰሞን የያዝኩት የሮማዊውን ፈላስፋ የሴኔካን ደብዳቤዎች ነው። በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት ሉሲሊየስ ለሚባል ወዳጁ የጻፋቸው 124 ደብዳቤዎች ደርሰውናል። በ12ኛው ደብዳቤ ላይ ሴኔካ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለውን ቤቱን ሊያይ ይሄዳል። ቤቱ እየፈራረሰ ነው። ለእድሳት በሚወጣው ገንዘብ ይማረራል። የቤቱ ኃላፊ «ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ ቤቱ አርጅቶ ነው» ይለዋል። ቤቱን ያሠራው ደግሞ ራሱ ሴኔካ ነው። ወደ ዛፎቹ ዞር ይላል። ቅርንጫፋቸው ተጣሟል፣ ቅጠላቸው ረግፏል። «አልተንከባከብካቸውም» ብሎ ይቆጣል። ኃላፊው ምንም እንዳላጓደለ ይምላል፤ ዛፎቹም አርጅተዋል። እነሱንም የተከላቸው ሴኔካ ነው። እስከዚህ ድረስ ግሩም ገጽ ነው። አንድ ሰው ዕድሜውን ከገዛ ግድግዳውና ከገዛ ዛፉ ላይ ሲያነበው ታያላችሁ።

ከዚያ በሩ ላይ አንድ ያረጀ ባሪያ ያያል። «ይሄ ጃጅቶ በር ላይ የተቀመጠ ማን ነው?» ይላል። ሽማግሌው «አላወቁኝም? እኔ ፌሊሲዮ ነኝ፤ ትንንሽ አሻንጉሊት ያመጡልኝ የነበረው» ብሎ ይመልስለታል። በልጅነቱ ሴኔካ የሚወደው ልጅ ነበር። ሴኔካ ግን ይቀልድበታል። ይሄ ሰው ለይቶለታል፣ ጭራሽ ተመልሶ ሕፃን ሆነ፣ እውነትም ጥርሶቹ እየረገፉ ነው ይላል።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። መጽሐፉን አስቀምጬ ለአንዲት ጓደኛዬ መልእክት ላክሁላት። «12ኛው ላይ ነኝ። ለቤቱ አዘነ፣ ለዛፉ አዘነ፣ በሰውየው ላይ ግን ቀለደ። አልዋጥልህ አለኝ» አልኳት። እሷ ቀድሞ አንብባዋለች። «47ኛውን ሳታይ እንዳትፈርድ። ንዴትህን ግን ይዘኸው ግባ» ብላ መለሰችልኝ።

ዘልዬ 47ኛውን አነበብኩት። ሴኔካ ስለ ባሪያዎች የጻፈው ደብዳቤ ነው። «ባሪያዎች ናቸው» ለሚለው ሰው «አይደለም፣ ሰዎች ናቸው» እያለ ይመልሳል። ባሪያዎች ናቸው? አይደለም፣ አብረውን የሚኖሩ ናቸው። ባሪያዎች ናቸው? አይደለም፣ ዝቅ ባለ ቦታ ያሉ ወዳጆች ናቸው። ይህን የጻፈው እጅ ነው ፌሊሲዮ ላይ የቀለደውም። 47ኛው 12ኛውን አልሰረዘልኝም። 12ኛውም 47ኛውን ውሸት አላደረገብኝም። ሁለቱን አንድ ላይ ይዤ እያወጣሁ እያወረድኩ ነው።

አስቡት፣ 124ቱንም እስክጨርስ ዝም ብል ኖሮ ይህ ሁሉ ይጠፋ ነበር። «ሴኔካ ስለ እርጅና ጥሩ ጽፏል፣ ለባሪያዎችም ይራራ ነበር» ብዬ አልፍ ነበር። ፌሊሲዮ ከነጥርሱ ከወሬዬ ይወጣ ነበር። ጓደኛዬም ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር የምትነግረኝ አጋጣሚ አታገኝም ነበር። እሷ የነገረችኝ ነገር የሚጠቅመኝ ያኔ፣ እዚያው ገጽ ላይ ቆሜ ሳለሁ ነው።

የሚገርመው፣ ሴኔካ ራሱ ይህንኑ ሲያደርግ ነው የምናየው። በመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች መጨረሻ ላይ በዕለቱ ካነበበው ያገኘውን አንድ ሐሳብ ለሉሲሊየስ ይልክለታል። በ2ኛው ደብዳቤ የላከለት ከኤፒኩረስ ነው፤ ደስ ብሎት የሚኖር ድህነት ክቡር ነገር ነው የሚል። ኤፒኩረስ የሌላ ወገን ፈላስፋ ነው። ሴኔካም ወደ ጠላት ሰፈር የምገባው ከድቼ ሳይሆን ለቅኝት ነው ብሎ ያስረዳል። በ6ኛው ደግሞ መጻሕፍቱን ራሳቸውን ልልክልህ ነው ይለዋል። ፈልገህ እንዳትደክም የወደድኳቸው ቦታዎች ላይ ምልክት አደርግበታለሁ፣ በቀጥታ እነሱን ታያለህ ይለዋል።

ይህን ሳነብ አንዳንድ ሰዎች አሁን በስልክ የሚልኩት ፎቶ ነው ትዝ ያለኝ። የሽፋኑን ፎቶ ማለቴ አይደለም። አንድ አንቀጽ ብቻ ያነሱታል። ጥግ ላይ ገጹን ወጥሮ የያዘው አውራ ጣት ይታያል። አንድ መስመር በእርሳስ ተሰምሮበታል፣ መስመሩም ትንሽ ጠመም ብሏል። ከሥሩ «ይሄን አየኸው?» የሚል ጽሑፍ አለ። በጣም ጥሩ ብርሃን ላይ፣ ከአበባ ጎን ተዘጋጅቶ ከተነሳ ሽፋን ይህ አንድ አንቀጽ ይበልጥብኛል። ሽፋኑ መጽሐፉ እጃችሁ ላይ እንዳለ ብቻ ነው የሚነግረኝ። አንቀጹ ግን መጽሐፉ ውስጥ እንዳላችሁ ይነግረኛል።

«ይሄ ሁሉ ታይታ ነው» የሚሉ አሉ። ታይታ የሆነበት ጊዜ እንዳለ አልክድም። ነገር ግን ልዩነቱን የሚያመጣው ለማን እንደምንናገር ይመስለኛል። ለሁሉም ሰው ስንናገር ልብሳችንን እናስተካክላለን። ለአንድ ሰው ስንናገር ግን የሚጠቅመውን ነገር እንፈልግለታለን። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቁስጥንጥንያ፣ በዛሬዋ ኢስታንቡል፣ የኖረው ምሁር ፎቲዮስ ታራስዮስ የሚባል ወንድም ነበረው። ታራስዮስ ራሱ በሌለበት ስለተነበቡት መጻሕፍት እንዲጽፍለት ጠየቀው። ፎቲዮስም ወደ 280 በሚጠጉ ክፍሎች ጻፈለት። አንዳንዱ ሁለት ሦስት መስመር ነው። አንዳንዱ ብዙ ገጽ ይፈጃል። የአንዱን ጸሐፊ አጻጻፍ ያደንቃል፣ የሌላውን ይነቅፋል። እዚያ ከተጠቀሱት ሥራዎች ብዙዎቹ ዛሬ በሙሉ ይዘታቸው የሉም። በፋርስ ቤተ መንግሥት ሐኪም የነበረው ግሪካዊው ክቴሲያስ ስለ ፋርስ የጻፈውን ታሪክ ዛሬ የምናውቀው በአብዛኛው ፎቲዮስ ለወንድሙ ባጠቃለለለት መልክ ነው። አንድ ወንድም «ምን አነበባችሁ?» ብሎ ባይጠይቅ ኖሮ ይህም ባልቀረልን ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ሰው ያለበትን ገጽ የማይናገረው አንዳንዴ እዚያው ተገትሮ ስለቀረ ነው። እልባቱ ገጽ 60 ላይ ከተቀመጠ ወራት አልፈዋል። ይህን መናገር ያሳፍረዋል። ለምን እንደሚያሳፍር ግን አይገባኝም። ሳሙኤል ጆንሰን በዘመኑ ስመ ጥር የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1773 አንድ ሰው ስለተወደደ አዲስ መጽሐፍ ጠየቀው። ጆንሰን «ገረፍ ገረፍ አድርጌ አይቼዋለሁ» አለ። ሰውየው «እንዴ፣ አልጨረሱትም?» ሲለው ጆንሰን ከፋው። «የለም፣ ጌታዬ። እርስዎ መጻሕፍትን ጨርሰው ነው የሚያነቡት?» ብሎ መለሰለት።

እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ጆርዳን ኤለንበርግ የተባለ የሒሳብ ሊቅ አንድ ነገር ሞከረ። በኪንድል፣ ማለትም በአማዞን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ፣ አንባቢዎች ከአንድ መጽሐፍ በብዛት ያሰመሩባቸው አምስት ቦታዎች ለሁሉም ይታዩ ነበር። ኤለንበርግ እነዚህ ቦታዎች መጽሐፉ ውስጥ በአማካይ የት ላይ እንደሚገኙ አሰላ። አንባቢው እስከ መጨረሻው ከዘለቀ መስመሮቹ በመጽሐፉ ሁሉ ይበተናሉ። ካልዘለቀ መጀመሪያው ላይ ይከማቻሉ። ፈረንሳዊው ምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ቶማ ፒኬቲ ስለ ካፒታል የጻፈው ያን ጊዜ በየቦታው የሚወራለት ወፍራም መጽሐፍ 2.4 በመቶ ብቻ አገኘ፤ የተሰመረባቸው ቦታዎች ገና መጀመሪያው ላይ ነበሩ ማለት ነው። ኤለንበርግ ራሱ ይህ ጠንካራ ሳይንስ እንዳልሆነ ተናግሯል። ቢሆንም እኔን ያሳሰበኝ ነገር አለ። ያን ሁሉ ሰው ገና መግቢያው ላይ ሳለ ምን እንዳቆመው የነገረን የለም። ሠንጠረዦቹ ናቸው? ርዝመቱ ነው? ወይስ የሚፈልገውን ሐሳብ መግቢያው ላይ አግኝቶ በቃኝ ብሎ ነው? «እዚህ ላይ ተውኩት፣ በዚህ ምክንያት» የሚል አንድ አንባቢ «ድንቅ ነው» ከሚሉ አሥር ሰዎች የበለጠ ይጠቅመኛል። ቀጥሎ የሚያነበው ሰውም የት ላይ ትንፋሽ መሰብሰብ እንዳለበት ያውቃል።

በዓመት ይህን ያህል መጽሐፍ አነባለሁ ብሎ መቁጠርም አለ። ጉድሪድስን የመሳሰሉ የንባብ መመዝገቢያ መተግበሪያዎች ያበረታቱታል። የሚገፋፋው ሰው ካለ እሰየው። እኔ ግን ቁጥሩ ሲገባ ቀጭን መጽሐፍ መምረጥ፣ ቀስ ብሎ ማንበብንም እንደ ስንፍና ማየት ሲመጣ አይቻለሁ። ጉድሪድስ ላይ ያነበብኩት፣ እያነበብኩት ያለሁት፣ ላነበው የምፈልገው የሚሉ መደርደሪያዎች አሉ። ወሬያችን ሁሉ ስለ መጀመሪያውና ስለ መጨረሻው ነው። የመሃሉን ዘወር ብሎ የሚያየው የለም።

ደግሞ ያለመናገር መብት አለ። ይህን በጣም አምንበታለሁ። ሰው ስለ በሽታው፣ ስለ ሐዘኑ፣ ስለሚፈርስ ትዳሩ፣ ስለተናጋ እምነቱ ሊያነብ ይችላል። የመጽሐፉ ርዕስ ብቻውን ምስጢሩን ያወጣበታል። «ምን እያነበብሽ ነው?» ተብላ «አይ፣ ዝም ብዬ ነው» ያለችን ሰው ሽፋኑን ለማየት አንገት ማስገግ ነውር ነው። ለጊዜው ምንም የማያነብ ሰውንም በጥያቄው ማሸማቀቅ አይገባም። ስለ ልብ ወለድ ስናወራም እንጠንቀቅ። ያሉበትን መናገር የሚሞተውን ሰው ስም መናገር ማለት አይደለም።

እንግዲህ እኔም የምጠይቃችሁ ነገር አለኝ። ከሴኔካ ጎን የዓለምን ባሕሮች የንግድ ታሪክ የሚተርክ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይዣለሁ። ስለ ነፋሱና ስለ መርከበኞቹ የሚያወራው ክፍል እንቅልፍ አሳጥቶኝ ነበር። ከዚያ ስለ ጭነት ውልና ስለ ኢንሹራንስ የሚያወራ ረጅም ምዕራፍ መጣ። እዚያ ላይ ተይዣለሁ። አንድ ገጽ አንብቤ ሁለት ገጽ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ከእናንተ መካከል ስለ ባሕር ንግድ ያነበበ ሰው ካለ ንገሩኝ። ይህን የውል ነገር ሳልረዳ የኋላው ይገባኛል? ወይስ አሁኑኑ ልዝለለው?