ወርዳ ላየችን ለወይዘሪት ኬትሊን የቀረበ ምስጋና

ምስጋና ለሚገባው ሳይደርስ ሲቀር ያንገበግበኛልና፣ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት የፒልቶቨር ከተማ የባላባት ልጅና ወጣት መርማሪ የሆነችውን ወይዘሪት ኬትሊን ኪራማንን ለማመስገን ነው። ወይዘሪቷን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ፓሪስ በሚገኘው በፎርቲሽ ስቱዲዮ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2024 በሁለት ምዕራፍ የቀረበው «አርኬን» የተባለ የአኒሜሽን ድራማ ገጸ ባሕርይ ናት። ከተማዋ ለሁለት የተከፈለች ናት። ከላይ ፒልቶቨር፣ ወርቅና መስተዋት፣ ንጹሕ አየርና የተከበረ ምክር ቤት ይዛ ተቀምጣለች፤ ከታች ኋላ ዛውን የተባለው ሰፈር ጭሱንና ዝቃጩን ታቅፎ ይኖራል። በመካከላቸው ወንዝና ድልድይ አለ። ድልድዩ ለላይኛው ሰው መሻገሪያ ሲሆን ለታችኛው ግን፣ ድራማው ገና ሲከፈት እንደምናየው፣ ዐመፅ ከሽፎ ሁለት ሕፃናት እኅትማማች የወላጆቻቸውን አስከሬን የሚያገኙበት ቦታ ነው።

ወይዘሪት ኬትሊን የተወለደችው ከላይ ነው። እናቷ የምክር ቤት አባል ናቸው። ዕድሜዋን ሙሉ ግብዣ ላይ ስትቀመጥ ብትኖር የሚከለክላት አልነበረም፤ እርሷ ግን የጸጥታ አስከባሪ ልብስ ለበሰች። ሥራ የመረጠችው ሳትቸገር በመሆኑ ውለታዋ ድርብ ነው። ቸግሮት የሚሠራ ሰው ምን ምስጋና አለው? የእንጀራ ነገር ነው። አለቆቿም ይህን ውለታ ተረድተው፣ በከተማዋ የዕድገት ቀን በዓል ላይ፣ የወይዘሪቷን የገዛ ቤተሰብ ድንኳን እንድትጠብቅ መደቧት። አደገኛ ግዳጅ መሆኑን ለመገመት አያዳግትም፤ በማንኛውም ደቂቃ አንድ ዘመድ ብቅ ብሎ «አላገባሽም ወይ?» ሊላት ይችል ነበር።

ወይዘሪቷ ግን በድንኳን ጥበቃ የምትወሰን አልሆነችም። ታች ቢሆን ስንት ቤተሰብ ሊያኖር በሚችለው መኝታ ቤቷ ወለል ላይ ካርታና ማስረጃ ዘርግታ መመርመር ጀመረች፤ ብዙ ከደከመችም በኋላ ሦስት ታላላቅ ነገሮችን ደረሰችባቸው። አንደኛ፣ ታችኛውን ከተማ ሲልኮ የሚባል ሰው በመዳፉ ይዞታል። ሁለተኛ፣ ሕዝቡን ሺመር የሚባል ዕፅ እየፈጀው ነው። ሦስተኛ፣ የጸጥታው አለቃ ማርከስ ከሲልኮ ጋር ተሞዳሙዷል። እነዚህን ሦስት ነገሮች በዛውን የሚኖር የሰባት ዓመት ልጅ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ይህ ግን የወይዘሪቷን ክብር ቅንጣት አይቀንሰውም። የታች ሰው ማወቅ ኑሮ እንጂ ዕውቀት አይደለም። አንድ ነገር በእርግጥ ታወቀ የሚባለው የላይ ሰው ሰምቶ ሲደነግጥበት ነው።

ለምሳሌ ኤኮ የሚባለውን ወጣት እንውሰድ። ይህ ልጅ ከሲልኮ የሸሹትን በአንድ ትልቅ ዛፍ ዙሪያ ሰብስቦ ያኖራል፤ ማን ማንን እንደገደለ፣ ዕፁ የት እንደሚወጣ፣ አስከባሪው ከማን ጉቦ እንደሚቀበል ጠንቅቆ ያውቃል፤ የሞቱበትንም ሰዎች ፊት በግድግዳ ላይ ሥሎ አስቀምጧል። እኛ ተመልካቾች ግን ይህን ምርመራ ብለን አናውቅም። ሥዕል ነው። ወይዘሪቷ መጥታ ሥዕሉን ያየች ቀን ነው ነገሩ ማስረጃ የሆነው፤ ፊቷ ላይ የወረደው ሐዘንም እንደ ማኅተም አረፈበት።

ወደ ታች የወረደችበት መንገድም ሊወደስ ይገባዋል። ገና ልጅ ሳለች ማርከስ ወኅኒ የጣላትን፣ እዚያው በጡጫ ያደገችውን፣ ከሁለቱ እኅትማማች ታላቂቱን ቫይን፣ በአንድ የምክር ቤት አባል ስም በቀረበ ወረቀት አስፈትታ መንገድ መሪ አደረገቻት። ይህን የመሰለ ወረቀት አንድ የዛውን እናት ለልጇ ልታቀርብ ብትሞክር እናቲቱም እዚያው ትቀር እንደነበር አያጠራጥርም፤ ስለዚህ ወረቀቱን ማቅረብ የሚገባው ሰው አቀረበው ማለት ነው። ቫይም መንገዱን አሳየቻት፣ ልብሷን አስለወጠቻት፣ ተደበደበችላት፣ በመካከሉም «ካፕኬክ» እያለች አፌዘችባት። ተመልካች ቫይን አይወድም አልልም፤ ይወዳታል። የሚወድላት ግን ጡጫዋን ነው። «ውይ፣ ትሕትናዋ!» ሲባልላት ሰምቼ አላውቅም፤ ትሑት ለመባል አስቀድሞ ከፍ ብሎ መገኘት ያስፈልጋል፤ ታች ተወልዶ ታች የሚኖር ሰው ዝቅ የሚልበት ቦታ ከወዴት ያመጣል?

በዚህ ረገድ ቋንቋችንም ከወይዘሪቷ ጎን ነው። አማርኛችን «ጨዋ» በሚለው አንድ ቃል ሁለት ነገር ይናገራል፤ ዘሩ የከበረውንም፣ ጠባዩ የታረመውንም ጨዋ ይለዋል። አባቶቻችን አንዱ ካለ ሌላው ይኖራል ብለው ሁለት ቃል ማባከኑን አልፈለጉም ይሆናል። «የጨዋ ልጅ» ስንል የአባቱን ርስት ይሁን የልጁን አንደበት የምናመሰግነው፣ ራሳችንም አጥርተን አናውቅም።

ከወይዘሪቷ በጎ ጠባያት ሁሉ ግን ልቤን የነካው አለማወቋ ነው። በታችኛው ከተማ በምታልፍበት ስፍራ ሁሉ፣ በዕፁ የጎበጡትን፣ በየጥጉ የወደቁትን ስታይ በፊቷ ላይ የሚነበበው «አላውቅም ነበር» የሚል አንድ ነገር ነው። እናቷ በምክር ቤት የሚቀመጡ፣ አባቷ የተከበሩ ሰው፣ እርሷ ራሷ የሕግ አስከባሪ፣ ድልድዩም በእግር የሚታለፍ ሆኖ ሳለ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሳያውቁ መኖር ተራ ችሎታ አይደለም። ጥበቃ ይፈልጋል፤ አጥር፣ መጋረጃ፣ ሞግዚት፣ ነፋሱ ከየት ወደየት እንደሚነፍስ የሚያውቅ መሐንዲስ ይፈልጋል። እኛም ይህን ስለምንረዳ፣ ወይዘሪቷ ባወቀች ቀን እልል አልን፤ «እስከ ዛሬስ?» ብሎ መጠየቅ የባለጌ ልጅ ወግ ነው።

ነገሩ በምናብ ከተማ ብቻ የቀረ እንዳይመስላችሁ። ለዚህ ጥበብ የለንደንን ያህል የደከመ ከተማ የለም። እ.ኤ.አ. በጥር 1866 ጄምስ ግሪንዉድ የተባለ ጋዜጠኛ፣ መጠለያ የሌላቸው ድሆች የሚያድሩበትን የላምቤዝን ማደሪያ ሊመረምር ቡትቶ ለብሶ ሄደ፤ ወደዚያ ያደረሰው ግን የፈረስ ሠረገላ ነበር። የመታጠቢያው ውኃ የቀጠነ የበግ መረቅ እንደሚመስል ጽፎ ከተማውን ሁሉ አንቀጠቀጠ። በዚያ መረቅ ስንት ዓመት ሲታጠቡ የኖሩት ሰዎች ግን አንባቢ አላገኙም፤ እነርሱ ሠረገላ የሚጠብቃቸው ሰዎች አልነበሩማ። በ1888 ደግሞ የባቡር ኩባንያ ሊቀ መንበር የነበሩ ሀብታም ልጅ የሆነችው ቢያትሪስ ፖተር የልብስ ሰፊ ሠራተኛ መስላ በምሥራቅ ለንደን ሱሪ ሰፋች፤ የጥቂት ቀን መርፌዋም በታወቀ መጽሔት ላይ ወጣ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰፉት ሴቶች፣ ያው፣ ሱሪው ወጣላቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመርከብ ባለቤቱ የቻርልስ ቡዝ ሥራ ነው። እኚህ ሰው የለንደንን መንገዶች በኑሮ ደረጃ እየለዩ በቀለም አስቀቡ፤ የባለጸጎቹን ቢጫ፣ ከሁሉ በታች ያሉትን ጥቁር አደረጉ፤ ለጥቁሩም «ምግባረ ብልሹ፣ ከፊል ወንጀለኛ» የሚል ማብራሪያ ጻፉለት። ቢጫው ሥር «ከፊል አከራይ» የሚል ማብራሪያ አልተጻፈም። ካርታውን ሊያድሱ ሲነሡ፣ ከ1897 እስከ 1900 ባለው ጊዜ፣ ረዳቶቻቸው በየሰፈሩ የዞሩት ከፖሊስ ጋር ነበር። ስለ አንድ መንገድ ድህነት ከነዋሪው ይልቅ አሣሪው ያውቃል መባሉ ተገቢ ነው። ለሐቁ ሲባል ግን፣ ከከተማው ሕዝብ 30.7 በመቶው ድሃ መሆኑን ቆጥረው ያሳዩት እርሳቸው ናቸውና እዚህ ላይ ሽሙጤን ለአንድ ዐረፍተ ነገር ያህል አቆማለሁ።

የወይዘሪት ኬትሊንም ዓይነት ሹመት በዚያው አገር ተሞክሯል። የለንደን ፖሊስ አዛዥ ሎርድ ትሬንቻርድ በ1934 በሄንደን የፖሊስ ኮሌጅ ከፍተው፣ ከጥሩ ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ለዓመታት አስፋልት የረገጠውን ተራ ፖሊስ ዘለው መኮንን እንዲሆኑ መንገድ ጠረጉላቸው። ተራው ፖሊስ አኩርፏል ይባላል፤ ማኩረፍ መቼም የታች ሰው አመል ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ እንምጣ፤ ምስጋናችን የሚፈተነው እዚያ ነውና። የቫይ ታናሽ እኅት ጂንክስ በምክር ቤቱ ላይ ሮኬት ተኮሰች፣ የወይዘሪቷም እናት ሞቱ። ሐዘን ነው፤ በሐዘን አልቀልድም። ነገር ግን ሐዘንም እንደ ቤቱ ነው። ጂንክስ ወላጆቿ በድልድዩ ላይ ሞተው፣ ያሳደጓት ሰዎች ሞተው ስታብድ «አደገኛ» ተባለች፤ ወይዘሪቷ እናቷ ሞተው ስትቆጣ የጦር አዛዥ ተባለች። የታች ሰው ሐዘን ወንጀል ሲሆን የላይ ሰው ሐዘን ዐዋጅ ይሆናል።

የዐዋጁ አፈጻጸም ደግሞ ጥበብ የተሞላበት ነው። በታችኛው ከተማ «ግራጫው» የሚባል መርዛማ ጭስ ነበረ። ይህን ጭስ የሚያስወጣው የአየር ማስተላለፊያ የኪራማን ቤተሰብ ለዛውን ያበረከተው ውለታ ነው። እንግዲህ የመተንፈሻው ቁልፍ በአንድ ቤተሰብ እጅ ሲሆን ያለው ጥቅም በዚህ ጊዜ ታየ። ወይዘሪቷ ቁልፉን አንሥታ፣ ጂንክስን ፍለጋ፣ ያንኑ ጭስ በዚያው ቱቦ ወደ ሰዉ መልሳ ለቀቀችው። እናት እንዲተነፍሱበት በጠበቁት ልጅ አሳለችበት። ተመልካቹስ ምን አለ? «ብታዝን ነው እንጂ እርሷ እኮ እንዲህ አልነበረችም» አለ። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ጋዙ የገባባቸው ሰዎች እንዴት እንደነበሩ ግን፣ እኔም ሆንሁ ሌላው ተመልካች፣ የአንዳቸውን ስም እንኳ አናስታውስም።

ከዚያም ኖክሰስ ከተባለ ሌላ አገር የጦር አበጋዟ አምቤሳ መጣችና ወይዘሪቷን ሾመቻት። (ስሟን ስሰማ መጀመሪያ የታወቀው የከተማችን አንበሳ አውቶቡስ መስሎኝ ነበር፤ ያችኛዋ ግን ሰው ጭና ትሄዳለች እንጂ ሰው ላይ አትሄድም።) በዛውን ወታደር ፈሰሰ፣ ወኅኒው ሞላ፣ አንዲት ልጅ ትገኝ ዘንድ ሰፈር በሙሉ ተፈተሸ። ይህን ሳይ የአባቶቻችን አውጫጭኝ ትዝ አለኝ፤ ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ጥፋተኛውን እስኪያወጣ ድረስ አይበተንም ነበር። ሥርዐቱ ብዙ ንጹሕ ሰው አንገላቷል። ሆኖም አንድ የዋህ እምነት ነበረበት፤ የሰፈሩን ነገር የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል ብሎ ይነሣል። ፒልቶቨር ከዚህ የዋህነት የነጻች ናት። ማንንም አትጠይቅም፤ ትወርዳለች፣ ታያለች፣ ታዝናለች፣ ትመለሳለች።

ወይዘሪቷ በመጨረሻ ተጸጸተች፤ ጸጸቷም እንደ መውረዷ ተወደደላት። እኔም ወድጄላታለሁ። ይህን ያህል የምወድላት ለምን እንደሆነ ሳሰላስል ግን አንድ የሰፈራችን ነገር ትዝ ይለኛል። አንዲት ከደህና ቤት የመጣች ተማሪ፣ ለመመረቂያ ጥናቷ መጠይቅ ይዛ ወደ መንደራችን ገብታ ነበር። መኪናዋን አስፋልቱ ላይ አቁማ፣ ጭቃውን በድንጋይ ድንጋዩ እየረገጠች ወርዳ፣ ጀበና ቡና ከምትሸጠው ጎረቤታችን ዘንድ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጠየቀች፤ ተነገራት። መጸዳጃው ለስንት አባወራ እንደሆነ ጠየቀች፤ ተነገራት። «አላውቅም ነበር» አለች፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። እኛም አብረን አለቀስን፤ ለራሳችን ሳይሆን ለእርሷ፣ እንዲያ ስትደነግጥ አሳዝናን።

ጎረቤታችን ዛሬም ታወራላታለች። «ልጅቷ እኮ ምንም አይመስላት፤ በዚችው ሲኒ ጠጣች» ትላለች። ሲኒዋን አጥባ፣ ከሌሎቹ ለይታ፣ ረከቦቱ ሥር በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣታለች። ባለፈው እሑድ ሰው በዝቶ ሲኒ ሲያጥራት በዚያችኛዋ ትቅዳልኝ ብዬ ነበር፤ ገላምጣኝ በጣሳ ሰጠችኝ።