ራቁቱን የሚያድር ዕቃ የለንም

ዛሬ የማወድሰው ዳንቴል ሠሪዎችን ነው። ኪሮሽና ክር ይዘው የቤት ዕቃ ሁሉ የሚያለብሱትን። ሥራው ማቀዝቀዝ የሆነው ፍሪጅ እንኳ እንዳይበርደው የደረቡለት እነሱ ናቸው።

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ ፈረንጅ ራቁቱን ነበር የላከው። ሳጥንና መስታወት፣ በቃ። ነውር አይደለም? እናቶቻችን ግን ዝም አላሉም፤ ከላዩ ዳንቴል ጣል አደረጉበት። ጫፉ ሦስት ማዕዘን ሆኖ መስታወቱ ላይ ይወርዳል። ዜና አንባቢው ግንባሩ ላይ ዘርፍ አንጠልጥሎ የዓለምን ጉዳይ ይነግረናል። ማን ቅር አለው? ዜናው ያልፋል። ዳንቴሉ ግን ታጥቦ፣ ተተኩሶ ይመለሳል።

አንዳንድ ወንዶች ይህን የሴት ሥራ እያሉ ይንቃሉ። በደርግ ጊዜ እስር ቤት የከረሙ ወንዶች ሹራብ እየሠሩ ቀኑን ይገፉ እንደነበር የነገራቸው የለም መሰለኝ።

ትጋታቸውን ደግሞ እዩ። አንዲት የማውቃት ባለሙያ የአልጋ ልብስ ጀምራለች። የጀመረችው ለራሷ ሰርግ ነበር። አሁን ለልጇ ሰርግ ይደርሳል ትላለች። በመሀል ሌላ ሞዴል ዓይኗ ውስጥ ይገባና እሱን ትጀምራለች፣ ከዚያ ሌላ። የቡፌው መሳቢያ በግማሽ ጽጌረዳ ሞልቷል። ቢሆንም መርካቶ ወርዳ ክር ሳትገዛ ተመልሳ አታውቅም። «ይሄ ቀለም ሊጠፋ ነው አሉ» ትላለች። ባሏ ሲጠይቃት «ኧረ ድሮ የገዛሁት ነው!» ድሮ ማለት ከምሳ በፊት ነው።

ለቅሶ ቤት እንኳ ሙያዋ አይለያትም። «እግዜር ያጥናችሁ» ብላ ትቀመጣለች። ነጠላዋን ወደ አፏ ታስጠጋለች። ዓይኗ ግን ቡፌው ላይ ያለውን ሞዴል ይቆጥራል። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያዩ ሁሉ ጸሎት መስሏቸው አንጀታቸው ይላወሳል። ሰባት ሰንሰለት፣ አንድ መዝለል፣ ሰባት ሰንሰለት።

እነሱ ቤት እንግዳ ሆኖ መግባትማ ክብር ነው። ሶፋው ላይ ትደገፋላችሁ፤ ስትነሱ ዳንቴሉ ከጃኬታችሁ ቁልፍ ጋር ተያይዞ ይከተላችኋል። ቡና ሲሰጣችሁ ሲኒውን የት ታስቀምጣላችሁ? ጠረጴዛው ላይ ዳንቴል አለ። ዳንቴሉ እንዳይቆሽሽ ላስቲክ ተነጥፎበታል። ላስቲኩ እንዳይቧጨር ደግሞ ትንንሽ ክብ ዳንቴሎች ተደርድረውበታል። ጉልበታችሁ ላይ ይዛችሁ ጠጡ። ሲኒ የመያዝ አቅም ያጣ እንግዳ ቀድሞስ ምን ሊሠራ መጣ?

የቅርጫት ቅርጽ ያለው ዳንቴልስ? ቀጥ ብሎ እንዲቆም ስኳር ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይደርቃል። ያውም ሸማቾች ተሰልፎ የመጣ ስኳር። ቤተሰቡ ሻዩን ያለ ስኳር ጠጣ፣ ቅርጫቱ ግን ቆመ። ጉንዳኖችም በሰልፍ መጥተው አደነቁት።

ከዚያ ቀጭኑ ቴሌቪዥን መጣ። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ለአንዲት ዘርፍ ማረፊያ እንኳ የለውም። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ቆርጦ ኪሮሹን ይጥል ነበር። እነሱ ዓይናቸውን ወደ ዲኮደሩ አዞሩ። ሳምንት ሳይሞላው ለበሰ። ችግሩ፣ ዘርፉ የዲኮደሩን ፊት ስለሸፈነው ሪሞት አይሰማም። «ታዲያ ዳንቴሉን ማንሳት ነዋ» የምትሉ ካላችሁ ሙያ የሚባል ነገር አልፈጠረባችሁም። ለዚህ ሥራ የቤቱ ትንሽ ልጅ ተመድቧል። አባት ሪሞቱን ሲያነሳ ልጁ ሮጦ ዘርፉን ይገልጣል። ቻናሉ ሲቀየር በጥንቃቄ ይመልሰዋል። ኳስ ያለ ቀን እዚያው ቆሞ ያመሻል።