እኔ እንኳ ብዙ አልልም

ሰሞኑን አንድ የድልድይ ዲዛይን ለነዋሪው ቀርቦ ውይይት ተጠርቶ ነበር። ከተማውን አልጠራም፤ የእናንተም ሊሆን ይችላል። መኪናም፣ ባጃጅም፣ ብስክሌትም፣ እግረኛም ወንዙን የሚሻገርበት ድልድይ ነው ተባለ። ደስ ይላል። ዛሬ ማመስገን የፈለግኩት ግን ማይክ ያዦቻችንን ነው።

መቼም እነሱ ባይኖሩ ስብሰባችን ምን ይውጠው ነበር? ታውቋቸዋላችሁ። እጃቸው የሚወጣው «መድረኩ ክፍት ነው» ሳይባል ነው። ማይኩን ቋ ቋ ያደርጉና «ይሰማል?» ይላሉ። ይሰማል። «ከእኔ በፊት የተናገሩት ሁሉንም ስላሉት እኔ እንኳ ብዙ አልልም።» የመጀመሪያው ተናጋሪ እሳቸው ናቸው።

የሰሞኑ ጀግናችን ከሩቅ ጀመሩ። ጢስ ዓባይ አጠገብ ካለው፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከተሠራው የድንጋይ ድልድይ። ኖራው በእንቁላል ነው የተቦካው አሉ። ከዚያ ወደ እንቁላል ዋጋ ተሻገሩ፤ ያለ ድልድይ መሻገር ማለት ይሄ ነው። ከዋጋው ወደ ዶሮ መኖ። ከመኖው ወደ ጎረቤታቸው ዶሮ። ከዶሮዋ ወደ አጥሩ ክርክር። ከአጥሩ ወደ ቀበሌ። በ2016 ባሕር ዳር ላይ የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ስድስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እሱን ተሻግረን፣ ፎቶ ተነስተን፣ ቡና ጠጥተን ብንመለስ እሳቸው ገና አጥሩ ጋ ናቸው።

በመጨረሻ «ይሄ እንደ ግብዓት ይያዝልኝ» አሉ። ተጨበጨበ። ቃለ ጉባኤ ያዡ አጠገቤ ስለነበር ሰረቅ አድርጌ አየሁት። «ዲዛይኑን ደግፈዋል» ብሎ ጻፈ።

ከኋላ ወንበር በክራንች የመጣች ልጅ እጇን እንዳነሳች ቀረች። ጥያቄዋን ቀደም ሲል ነግራኛለች፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ዲዛይን አብረን ስናይ። ወደ እግረኛው መንገድ መውጫው ደረጃ ብቻ ነው። የብስክሌቱም መስመር ድልድዩ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፤ ብስክሌተኛው ቀጥታ ባጃጅ መሃል ይገባል። «ሰዓት ስለገደበን» ተባለች። ይሄ አያስቅም! ኮንክሪቱ አንዴ ከፈሰሰ በኋላ ማን አፍርሶ ይሠራላታል? እሷን ደረጃ ሥር ጥሎ ስለ ዶሮ ማውራት ነውር ነው። መድረክ መሪውም ማይኩን መቀበል አቅቶት እንዳይመስላችሁ። የእሷ ጥያቄ ዲዛይን ያስቀይራል። ዶሮ ግን ምንም አያስቀይርም። እንደ ዶሮ ያለ የነዋሪ ተሳትፎ ከየት ይገኛል?

በሻይ ሰዓት ጀግናችንን ቆሎ ሲዘግኑ አገኘኋቸው። በንግግራቸው መደነቄን ገለጽኩላቸው።

«ምን ዋጋ አለው ልጄ» አሉኝ። «ሰዓቱ አጠረብኝ እንጂ ስለ ድልድዩም የማነሳው ነበረኝ።»