መኪና የሌለበት ገነት

ኢድራ የምትባል የግሪክ ደሴት ደርሼ መጣሁ። ከአቴንስ ብዙም አትርቅም። አብረውኝ የሄዱት ሰዎች ገና ከጀልባው ሳንወርድ "ገነት! ገነት!" ማለት ጀመሩ። ገነት ያሰኛት ምን መሰላችሁ? መኪና የላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍራንክፈርት አብረውኝ የሚሠሩ ጀርመኖች በየነሐሴው ተሰባስበው የሸራ ጀልባ ይከራዩና ከደሴት ደሴት ይዞራሉ። ዘንድሮ እኔንም ጎትተው ወሰዱኝ። ኤጊና አደርን፣ ፒስታቺዮዋን በላን። ፖሮስ አደርን፣ ቆንጆ ናት። ጀልባ ላይ እንዴት እንዳደርኩ ግን አትጠይቁኝ። ለደጋ ሰው የተፈጠረ መኝታ አይደለም።

የኢድራ ወደብ ጠባብ ነው። ጀልባው ከጀልባ ኋላ ተደራርቦ ይታሰራል። ጠዋት አንዱ ልሂድ ብሎ መልህቁን ሲስብ የሦስት ሰው ሰንሰለት ጎትቶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ጩኸት የመርካቶ አውቶቡስ ተራ ነው። ይህንን ትርምስ አልፋችሁ እግራችሁ መሬት ሲረግጥ ግን በቅሎዎች ተሰልፈው ይጠብቃችኋል። ኮርቻቸው ያማረ፣ የጠገቡ በቅሎዎች። ደሴቲቱ ላይ የግል መኪና ክልክል ነው። ሞተር ሳይክልም ክልክል ነው። ከቆሻሻ መኪና በቀር ጎማ ያለው ነገር ብዙም አታዩም። ሲሚንቶው፣ ማቀዝቀዣው፣ የቢራው ሳጥን፣ የቱሪስቱ ሻንጣ፣ ሁሉም በበቅሎ ጀርባ ደረጃ ለደረጃ ይወጣል።

ጓደኞቼ አበዱ። በቅሎ ፎቶ፣ ኮርቻ ፎቶ። አንዷማ ፋንድያውን ሳይቀር አነሳች። "እንዴት ያለ ሕይወት ነው! ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ!" እያሉ ወደ እኔ ይዞራሉ፣ እንድደነቅ።

እኔ ያደግሁት መንዝ አያቴ ዘንድ ነው። ድምፅ አልነበረም፣ ጭስ አልነበረም። በቅሎ ነበረች፣ አህያም ነበረች። ገነት ነው ያለን ሰው ግን አላስታውስም። አክስቴን ምጥ ሲይዛት የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ እየተቀባበሉ፣ በጭቃ እየተንሸራተቱ ነው ጤና ጣቢያ ያደረሷት። ሽማግሌዎቹ ለስብሰባ በተጠሩ ቁጥር "መንገድ ይግባልን" ይሉ ነበር። በዚያ ስብሰባ ላይ አንድ ጀርመን ተነስቶ "እባካችሁ መንገድ አታስገቡ፣ ፀጥታው ያምራል" ቢል አያቴ ምን እንደምትለው አውቃለሁ። እዚህ አይጻፍም።

ልዩነቱ እኮ ግልጽ ነው። ኢድራ መኪና የሌላት አጥታ አይደለም። አልፈልግም ብላ ነው። ፈጣን መርከብ የአቴንስ ወደብ ፒሬየስ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ገደማ ቢፈጅበት ነው። የባሕር ታክሲ በተጠራ ጊዜ ይመጣል። ደሴቲቱ ደረቅ ድንጋይ ናት፣ ድሮ ውኃ በጀልባ ይጫንላት ነበር። አሁን የባሕሩን ውኃ ጨው አጣርተው ቧንቧ ውስጥ ለቀውታል። ሀብቱም የዛሬ አይደለም። ወደቡን ከብበው የቆሙትን ትልልቅ የድንጋይ ቤቶች የሠሩት በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመርከብ ንግድ የከበሩ ካፒቴኖች ናቸው። በ1821 እ.ኤ.አ. ግሪኮች በቱርክ ላይ ሲነሱ ኢድራ መርከቦቿን ይዛ ዘመተች። በዚያ ጦርነት የግሪኮችን መርከቦች የመራው አድሚራል ሚያውሊስም የዚያችው ደሴት ሰው ነው። እንዲህ ያለ ስንቅ ይዞ "መኪና አልፈልግም" ማለት ያምራል።

አንድ ነገር ግን ቅናት አሳደረብኝ፣ አልዋሽም። የበቅሎዎቹ ባለቤት። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ቀጠሮ ይይዛል፣ ዋጋ ይቆርጣል፣ በቅሎውን ያዝ አድርጎ እንደ ሹም ይሄዳል። ቱሪስቱ መንገድ ይለቅለታል። እኛ ዘንድ ጋሪ ነጂው ከአስፋልት ሲባረር ነው የማውቀው።

በማግስቱ ነቢዩ ኤልያስ ገዳም እንውጣ ተባለ። ተራራ ላይ ነው፣ ከባሕሩ 500 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በነሐሴ ፀሐይ! "በበቅሎ እንሂድ" አልኩ። "ምስኪን እንስሳ!" ብለው ጮኹብኝ። ትናንት ያን ሁሉ የቢራ ሳጥን ከወደቡ ያወጣላቸው ማን ሆነና? በእግራችን ወጣን። እኔ ከኋላ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ አንድ መነኩሴ ግር ብሏቸው አዩኝ፣ እነሱ ከነጫማቸው ነው የሚገቡት። ሻማ አበራሁ፣ ተሳለምኩ። ጓደኞቼ ጥላ ሥር ተቀምጠው "ገነት!" ይላሉ።

ማታ ምግብ ቤት ገባን። ፍልሰታን እየጾምኩ ነበር። ግሪኮችም ለእመቤታችን ይጾማሉ፣ ከእኛ ቀድመው ይገባሉ፣ ቀድመው ይፈስካሉ። ስለዚህ የቤቱን እመቤት ጾመኛ ነኝ ስላቸው ደስ አላቸው፣ አማተቡ፣ ጉንጬን ነካ ነካ አደረጉኝ። እሰይ፣ ጾሜ የሚገባው ሰው አገኘሁ አልኩ። ትንሽ ቆይተው በትልቅ ሳህን የተጠበሰ ኦክቶፐስ ይዘው መጡ። ለካ ደም የለውም ተብሎ በእነሱ ጾም ይበላል! እግሩ ከነመምጠጫው ተጠቅልሎ ያየኛል። እማማን ላስቀይም አልፈለግሁም፣ በምልክት ይቅርታ ጠይቄ በባቄላና በዳቦ አለፍኩት። ኦክቶፐሱን ጀርመኖቹ ተሻሙበት።

ሒሳቡ ሲመጣ ነው ጉዱ። እነዚህ ሰዎች ፍራንክፈርት እያለን አንዱ የሌላውን ቡና አይከፍልም፣ ሳንቲም ሳይቀር ለየብቻ ነው። እዚህ ግን "የጋራ ካዝና" የሚሉት ቦርሳ አለ፣ ሁሉም እኩል ያዋጣል። ወይኑም፣ አይቡም፣ በጉም፣ ኦክቶፐሱም ከእሱ ይከፈላል። ባቄላ የበላሁት እኔ እኩል ከፈልኩ። ይሁን፣ አገር ቤት ብሆን ሁሉንም እኔ ልክፈል ብዬ እጣላ ነበር። የከነከነኝ ሌላ ነው። ጠዋት ከካዝናው አንድ ለስላሳ ልግዛ ስል ገንዘብ ያዡ "እሱ የግል ነው" አለኝ።

ለከርሞ ሌላ ደሴት እየመረጡ ነው። በኢሜይል አንድ ጥያቄ ልኬላቸዋለሁ፤ የጾመኛ መዋጮ ስንት ነው?