እጅ ነሥተናል፣ የስልኩ ሊቅ!

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። አረንጓዴ ቅጠል፣ አምስት ቃለ አጋኖ፣ ከሥሩ «ተረጋገጠ! ቫይረስ ድምጥማጡን ያጠፋል። ለ10 ሰው ሳይልኩ እንዳያልፉ።» ላኪው አጎቴ ናቸው።

እንዴት ያለ ጥራት ነው! ሥሩ ይሁን ቅርፊቱ፣ በውሃ ይዘፍዘፍ በአልኮል፣ የትኛውን ቫይረስ እንደሚገድል፣ እንዲህ ያለ ዝባዝንኬ የለበትም። መጠኑ ግን ተጽፏል፦ «አንድ እፍኝ»። የማን እፍኝ እንደሆነ አልተባለም። የአጎቴ እጅ ከሆነ የእኔን ሦስት ያህላል።

ተመራማሪ የሚባሉትን ዘገምተኞች ደግሞ እዩልኝ። በ1987 እ.ኤ.አ. ማሌዥያ፣ ሳራዋክ ውስጥ ከአንድ ዛፍ ናሙና ወሰዱ። ጭማቂው ላቦራቶሪ ውስጥ ኤችአይቪን ገታ። ደስ ብሏቸው ለተጨማሪ ሲመለሱ ዛፉ ተቆርጧል። እዚያው አካባቢ ከዘመዱ ዛፍ ቢወስዱ ያ ኃይል የለም። (ዛፍም እንደ ሰው ነው፤ ከወንድማማች አንዱ ብቻ ይሠራል።) ንጥረ ነገሩን ለይተው ካላኖላይድ ኤ አሉት፣ ሰው ላይም ሞከሩት። እስካሁን ፋርማሲ አልደረሰም። አጎቴ ቢይዙት ከምሳ በፊት ጨርሰውት ነበር።

የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒቱ ኦሴልታሚቪርም ያው ነው። መነሻው ሺኪሚክ አሲድ ለዓመታት ስታር አኒስ ከሚባል ቅመም ሲወጣ ኖሯል። ቅመሙን አኝኮ መተኛት ሲቻል፣ ኬሚስቶቹ ደረጃ በደረጃ ለውጠው ለውጠው ሌላ ነገር አደረጉት። ምን የሚሉት ልፋት ነው!

ደግሞ ሁለት ቁጥር ካላገኘን ይላሉ። ቫይረሱን በግማሽ የሚገታው መጠን ስንት ነው? የሰውነት ሴሎችን በግማሽ የሚፈጀውስ? ሁለቱ በጣም ካልተራራቁ ወሬ የለም። የላቦራቶሪ ሳህን ላይማ በረኪናም ቫይረስ ይገድላል፣ ሴሉንም አብሮ። የስልኩ ሊቅ አንድ ቁጥር ይበቃዋል፦ ስንት ሰው ሼር አደረገው?

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የምትለዋን መዝጊያ ሳልጠቅስ ባልፍ ነውር ነው። ሊኮሪስ የሚባለው ተክል ተፈጥሯዊ ነው። ሥሩ ውስጥ ያለው ግላይሲራይዚን ላቦራቶሪ ውስጥ የሳርስን ቫይረስ ገትቷል። ሲበዛ ደግሞ የደም ፖታሲየም አውርዶ የደም ግፊት ይሰቅላል። ግፊቱም ታዲያ ተፈጥሯዊ ነው፤ ማን ይከሳል?

ጠዋት አጎቴ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ቅጠሉን ጠጡት እንዴ?»

«እኔማ ባለፈው ሳምንት ክትባቴን ተወግቻለሁ» አሉኝ። «ይሄ ለእናንተ ነው።»