እድራችን ከመቃብር ሲወጣ

እድራችን ሰው በማስገባት አይታማም። ጥሩንባው ሌሊት 11 ሰዓት ከተነፋ ረፋዱ ላይ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሰታቴው ተጥዷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሟች አፈር ለብሷል። ሰው ማውጣት ግን ሞክረን አናውቅም። መተዳደሪያ ደንባችንም ስለ ማውጣት የሚለው ነገር የለም።

የማውጣቱ ነገር የመጣብን አክሱም ላይ ነው። 2008 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እድሩ ለጽዮን ማርያም በዓል ጉዞ አዘጋጀ። አባቴ ወገቡን ስላመመው እኔ በሱ ቦታ ተላክሁ። ስለዚህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ስም የለኝም። ቁጥር 112 ነኝ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ዳኛችን ጥሩንባ ነፊው ጥሩንባውን ይዞ እንዲሳፈር አዘዙ። ምሳ በልተን በየሱቁ ስንበተን መሰብሰቢያ ይሆናል ብለው ነው። ደሴ ላይ ተነፋ። እኛ ወደ አውቶቡሱ ስንሮጥ ከሆቴሉ ጎን ካለው ግቢ አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቅ አሉ።

«ማነው የሞተው ልጄ?»

«ማንም እማማ። ተሳፈሩ ለማለት ነው።»

ደስ አላላቸውም። ጥሩንባ ተነፍቶ ሰው ካልሞተ የሆነ ነገር እንደተታለሉ ይሰማቸዋል፤ እኔም ይገባኛል።

ኅዳር 21 በዓሉን አከበርን። በማግስቱ ከተማውን ልንጎበኝ ወጣን። አስጎብኚያችን ረጋ ያለ የአክሱም ልጅ ነው። መጀመሪያ ሐውልቶቹ ጋ ወሰደን። 33 ሜትር የሚረዝመው ትልቁ ሐውልት ወድቆ ተሰባብሮ ተኝቷል። ዳኛችን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዞሩትና «ኮሚቴው ተቻኩሎ ነው» አሉ።

ዕቃ ቤት ያዧ እትዬ ግን ልባቸውን የወሰደው ከሮም የተመለሰው ነው። ልጁ ታሪኩን ነገራቸው። ጣሊያን በ1929 ወሰደው፤ በ1997 መለሰው፤ በ2000 ዓ.ም. ተተከለ። እትዬ በጣታቸው ቆጠሩ።

«ስልሳ ስምንት ዓመት?»

«አዎ እናቴ።»

«ቅጣት ከፍለዋል?»

እትዬ ሰታቴ አንድ ቀን ካሳለፈ የማይምሩ ሴት ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጉብኝት በደንብ የሰሙት አይመስለኝም። በየመንገዱ «ስልሳ ስምንት ዓመት!» ይላሉ።

ማይ ሹምን አልፈን ዳገቱን ወጣን። መንገድ ላይ ገበሬዎች ያገኙት የንጉሥ ኢዛና ድንጋይ በትንሽ ጎጆ ውስጥ ቆሟል። በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክ ተጽፎበታል። ልጁ ከቦታው የሚያነሳውን እንደሚረግም ሲነግረን ጸሐፊያችን ራሳቸውን ነቀነቁ። በሦስት ቋንቋ የተጻፈ ደንብ፣ መጨረሻው ላይ ቅጣት ያለው። «ይኼ የሠለጠነ እድር ነው» አሉ።

ዳገቱ አናት ላይ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። የዐድዋ ተራሮች ከሩቅ ይታያሉ። እዚያ ሁለት መቃብሮች ጎን ለጎን አሉ፤ የዐፄ ካሌብና የልጃቸው የገብረ መስቀል የሚባሉት። ልጁ መሽቷልና ነገ እንምጣ አለ። ነገ መመለሻችን ነው። ዳኛችን «እኛ መቃብር አያስፈራንም፣ ሥራችን ነው» አሉ። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

የካሌብ መቃብር ቁልቁል የሚወርድ ቀጥ ያለ ረጅም ደረጃ አለው። ታቹ ጨለማ ነው። አፉ ላይ ስንደርስ ጨዋነታችን ተነሳ።

«ዳኛ ይቅደሙ።»

«ኧረ በሞቴ፣ ምክትል ይቅደሙ።»

«ታላቅ እያለማ ነውር ነው።»

«ጸሐፊው ይግቡ እንጂ፣ መዝጋቢው እሳቸው አይደሉ?»

ድግስ ቤት በር ላይ እንዲህ ስንባባል ወጡ ሲቀዘቅዝ ስንቴ አይቻለሁ። ያን ለት ግን «ይቅደሙ» ባይ ሁሉ ቃሉን ሲጨርስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ማይ ሹም ድረስ ተከባብረን እንመለስ ነበር። መጨረሻ ላይ ደንብ ገላገለን፤ በአባልነት ቁጥር ከታች ወደ ላይ ይገባ ተባለ። ከተጓዦቹ የመጨረሻው ቁጥር የማን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጥቂት ሰዎችና ጥሩንባ ነፊው ውጭ ቀሩ። የቀረነው ወረድን። ውስጡ ትላልቅ ድንጋይ ነው። እንደ ልጆች መገጣጠሚያ ጨዋታ አንዱ ከአንዱ ጋር ተሰካክቷል። ልጁ ባትሪውን እያበራ አስረዳን። ካሌብ በ6ኛው መቶ ዘመን ባሕር ተሻግረው የመን የዘመቱ ንጉሥ ናቸው፣ ለናግራን ክርስቲያኖች ደርሰው። ሲመለሱ፣ እንደ ትውፊቱ፣ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው አባ ጰንጠሌዎን ገዳም መነኑ።

«የአገሩ ሰው ደግሞ» አለ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከዚህ ቀይ ባሕር የሚያወጣ ዋሻ አለ ይላል።»

ይህን ብሎ ባትሪው ጠፋ።

ጨለማ አይቼ አውቃለሁ። መብራት ስንቴ ሄዶብናል። የመቃብር ጨለማ ግን ሌላ ነው፤ ጆሮ ውስጥ ሁሉ ይገባል። አንድ ሦስት ሰከንድ ዝም አልን። ከዚያ ሁሉም ባንዴ ጀመረ። አንዱ «በስመ አብ» ይላል። አንዷ የማሪያም ያለህ ትላለች። ጸሐፊው ለምን እንደሆነ እንጃ ዛሬ ስንት ቀን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ስልክ የያዘ ሁሉ በዓሉን ሲቀርጽ ውሎ ባትሪ ጨርሷል። የኔ 2 ፐርሰንት ነበረው። አበራሁት። ለአራት ሰከንድ ያህል የሰውን ሁሉ ፊት አሳየኝና ጠፋ። ባያሳየኝ ይሻል ነበር።

«አጆኹም! አጆኹም!» አለ ልጁ። ደንግጦ አማርኛው ጠፍቶታል። ትግርኛ የማይችለውም ሁሉ ገባው።

ከፊት የነበሩት ዞረው መራመድ ጀመሩ፤ እኛም ተከተልን። ትንሽ እንደሄድን አንድ ሰው በግንባሩ ድንጋይ መታ።

«ቆይ፣ የምንሄደው ወዴት ነው?»

«ወደ ደረጃው ነዋ።»

«ደረጃው ይኸን ያህል ሩቅ ነበር እንዴ?»

ጸጥ። ከዚያ ከኋላ አንድ የሴት ድምፅ፦ «ወደ ባሕሩ እየሄድን ነው!»

በኋላ ሳስበው የገባነው ከክፍሎቹ ወደ አንዱ ነው። ያኔ ግን ማንም አልተጠራጠረም፤ ምጽዋ ልንወጣ ነው። ሰውን የጨነቀውም ውኃው አልነበረም፣ ወረቀቱ ነው። «ድንበር ዝግ ነው እኮ! ምን ብለን እንገባለን?» «የያዝነው የቀበሌ መታወቂያ ነው!» ካሌብ ሠራዊት በመርከብ ጭነው ከዚህ አገር የመን ገብተዋል፤ እኛ ከመቃብራቸው ደረጃ መድረስ አቅቶን በፓስፖርት እንጨቃጨቃለን።

ዕቃ ቤት ያዧ እትዬ ግን ልብ አላቸው። ቦርሳቸው ውስጥ ከበዓሉ የተረፈ ጧፍ አለ።

«ጧፍ ይዣለሁ። እሳት ያለው ሰው?»

ማንም አልመለሰም።

«ክብሪት? ላይተር? በጽዮን!»

እዚህ ላይ የዝምታው ዓይነት ተቀየረ። የፍርሃት ዝምታ አልነበረም፤ የስሌት ነው። በሃያ ምናምን አባወራ መሀል ላይተር የያዘ ሰው እንደሚኖር ሁላችንም እናውቃለን። ላይተር ያለው ሰው ደግሞ ሲጋራ እንዳለው ሁሉም ያውቃል፣ ሚስቱም እዚሁ ጨለማ ውስጥ ቆማለች። ሰውየው የቱን እንደሚመርጥ ሲያስብ ይሰማናል ማለት ይቻላል። መቃብር ወይስ ቤት?

ቀጭ አለ። እሳቱ በራ። ከእሳቱ ጀርባ የምክትል ዳኛችን ፊት አለ።

ምክትላችን በየስብሰባው መጨረሻ ለሰፈሩ ወጣት ስለ ሲጋራ ምክር የሚሰጡ ሰው ናቸው። እኔም 16 ዓመቴ ላይ ከሱቁ ጀርባ ይዘውኝ ለአባቴ ነግረዋል።

«ለጧፍ ብዬ ነው የያዝኩት» አሉ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«እግዜር ይስጥልን» አሉ እትዬ ጧፋቸውን እየለኮሱ። «ሲጋራዎቹንም አውጣቸውና እናብራቸው፣ ብዙ ሰው ነን።»

ጧፏ የምታሳየው የያዟትን ጣቶችና ትንሽ ድንጋይ ብቻ ነው። እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ ለኋላው ሰው ሰጡ፤ እሱ ኮቱን ለቀጣዩ፤ እንዲህ እንዲህ ተያያዝን። እኔ ነጠላም ኮትም አልደረሰኝም፤ የደረሰኝ እጅ ነው። የማን እንደሆነ አላወቅሁም። ወፍራም፣ በላብ የራሰ እጅ። አጥብቄ ያዝኩት፤ እሱም አጥብቆ ያዘኝ።

ውጭ ደግሞ ጥሩንባ ነፊያችን ጩኸቱን ሰምቷል። ምን ያድርግ? አንድ የሚያውቀው ነገር አለ። ጥሩንባውን ወደ ደረጃው አዙሮ ነፋ።

ያ ድምፅ እንኳን መቃብር ውስጥ ሜዳ ላይም ያስደነግጣል። ሌሊት ሲነፋ ሙሉ ሰፈር ብርድ ልብሱን ገልጦ ቁጭ የሚልለት ድምፅ ነው። ከኛ መሀል የአንዲት ሴት እሪታ ቀለጠ።

«ወይኔ! ማነው የሞተው?»

«ከኛ ነው?»

«ተቆጠሩ! ተቆጠሩ!»

አልቃሽ ሴቶች ጀምረው ነበር። ሟቹ ባይታወቅም ዜማው ይታወቃል። ግን ጥሩንባው አንድ ጥሩ ነገር አደረገ፤ ደረጃው በየት በኩል እንደሆነ ነገረን። ድምፁን ተከትለን ዞርን። ደረጃው ከቆምንበት ክፍል ጥቂት እርምጃ ብቻ ነበር። ቀና ስንል ከላይ ሐምራዊ ሰማይ ይታያል።

መውጣቱ ላይ ማንም ማንንም ይቅደሙ አላለም። ዳኛችን ስንገባ የመጨረሻው ነበሩ፤ ስንወጣ አንደኛ ናቸው። በዚያ ዕድሜያቸው ደረጃውን ሁለት ሁለት ሲወጡት ያየ ሰው ወገቤን የሚሉትን ነገር አያምንም።

ብርሃኑ ላይ ስደርስ የያዝኩትን እጅ ዞሬ አየሁ። ቁጥር 64 ናቸው። በአጥር ምክንያት ከአባቴ ጋር ስድስት ዓመት ያልተነጋገሩ ጎረቤታችን። እሳቸውም አዩኝ። እኩል ለቀቅን። እሳቸው እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ፤ እኔም ጠረግሁ።

አስጎብኚያችን መጨረሻ ላይ ወጣ። አንድ ሰው ትንፋሹን ሰብስቦ «የንጉሡ አስከሬን ግን የቱ ጋ ነበር?» አለው።

«እዚህ መቀበራቸውን የሚያምን ጥቂት ነው» አለ ልጁ፣ አማርኛው ተመልሶለታል። «ገዳሙ ነው ያረፉት ይባላል። ይኼኛው ባዶ ነው።»

ማንም ምንም አላለም። ምክትላችን ራቅ ብለው ሄደው ጀርባቸውን ሰጡን። ጭስ ታየ። ሚስታቸውም ያን ለት እንዳላየች ሆነች።

ስም ጥሪ ተደረገ። ጸሐፊው መዝገባቸውን አውጥተው በጧፍ አነበቡ። ቀብር ላይ እንደለመድነው «አለሁ» እያልን መለስን። ቁጥር 23 ላይ መልስ የለም። ደግመው ጠሩ። የለችም። ሁላችንም ወደ ደረጃው አየን፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያየን። ቀስ ብሎ ያ የታወቀ ጨዋነት ተመለሰ።

«ዳኛ ይግቡና...»

«ኧረ ምክትል ይቅደሙ።»

ቁጥር 23 የተገኘችው አውቶቡስ ውስጥ ነው። ጫማዋን አውልቃ ዳቦ ቆሎ ትበላለች። «እኔ በቁሜ መቃብር ምን አገባኝ?» አለች። «ሲደርስ ትወስዱኝ የለ?»

በወሩ ስብሰባ ላይ ጉዳዩ ቀረበ። እድሩ በሙሉ መቃብር ሲወርድ አንዲት አባል ያለ ፈቃድ ቀርታለች። ሟች የለም ብላ ተከራከረች። ጥሩንባ ተነፍቷል ተባለች። ጥሩንባ ከተነፋ ሥርዓቱ ቀብር ነው፤ ሟች ባለመኖሩ ቀብርነቱ አይቀርም ብለው ጸሐፊው ደንብ ጠቀሱ። 30 ብር ተቀጣች። ከፈለች፣ ደረሰኝም አስቆረጠች። ደረሰኙ ላይ «ምክንያት» ከሚለው መስመር ፊት ለፊት በጸሐፊው የእጅ ጽሑፍ «ከመቃብር በመቅረት» ይላል። በፍሬም አድርጋ ሳሎኗ ሰቅላዋለች።